ሳህን ላይ የሞተው ካንሰር

ሰኞ 4

ሞቱ! አንድ ሁለት ግትሮች ቀርተው ይሆናል እንጂ ሁሉም ሞተዋል። ጠዋት ፕሌቱን (ሴሎቹን የማኖርበትን ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን) ከማሞቂያው አውጥቼ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስገባው ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ የሰው ፕሌት ያነሳሁ መስሎኝ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ደግሜ አነበብኩ። የራሴው ነው። በሕይወት ያለ ሴል የጉድጓዱን ወለል ቆንጥጦ ይይዛል። የሞተ ግን ተላቅቆ ይንሳፈፋል። ቢጫው በገባባቸው ጉድጓዶች ውስጥ የአንጀት ካንሰር ሴሎቹ ተሸብሽበው ላይ ላዩን ይንሳፈፋሉ።

ቢጫው የምንለው ከአንድ የቻይና ባህላዊ መድኃኒት፣ ከደረቀ ሥር ያወጣነውን ነገር ነው። ሥሩን ፈጭተን፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈን፣ ደጋግመን ስናጣራው መጨረሻ ላይ የሚቀረው ዱቄት ደማቅ ቢጫ ነው። ጣት ከነካ ቶሎ አይለቅም። እውነተኛ ስሙ ምላስ የሚያስር ስለሆነ እኛ ጋ ማንም አይጠራውም። ቻይናዎቹ ከጥንት ጀምረው ለተቅማጥና ለትኩሳት ሲያፈሉት ኖረዋል። እኛ ደግሞ ካንሰር ላይ ምን ያደርጋል ብለን ስንለፋ ይኸው ስንት ጊዜያችን።

በቤተ ሙከራችን አንድ ልማድ አለ፤ ጥሩ ውጤት ያየ ሰው ኮሪደር ወጥቶ «ሞቱ!» ብሎ ይጮሃል። አዲሷ የጽዳት ሠራተኛ መጀመሪያ የሰማች ቀን መወልወያዋን ጥላ ደረጃውን በሩጫ ወርዳለች። ዛሬ ተራው የኔ ነበርና ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ከዚያ ምን አስቀምጦኝ፣ ለእታለም ደወልኩ። ሞቱ አልኳት፤ ያንቺ ዓይነት ካንሰር ነው፣ የአንጀት፣ ድራሹ ጠፋ። «ምንድነው የገደለው?» አለችኝ። ከቻይና የመጣ ሥር ነው አልኳት። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ሲቆም በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ናት፤ ልብስ እየሰፋች አስተምራኛለች። አንጀቷ ላይ የነበረውን ቆርጠው አወጡላት። ጉበቷ ላይ ግን አንድ እብጠት ቀረ። በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ኬሞ ትወስዳለች። እብጠቱ ካነሰ ቀዶ ሐኪሙ ያወጣዋል፤ ካላነሰ አይነካውም። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ዙሪያ ጥምጥም የለውም።

ተጠራጣሪው (ከጎኔ የሚሠራው ባልደረባዬ ነው፤ ስሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አሁን አለቃችንም ይጠሩታል) ፕሌቱን አይቶ «ጤነኛ ሴል ላይስ?» አለኝ። ገና ነው አልኩት። «እንግዲህ» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። የሰው ደስታ የማይዋጥለት ፍጡር።

ረቡዕ 6

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። የቀለሙ ሙከራም አረጋገጠ። በሕይወት ያለ ጉድጓድ ሐምራዊ ይሆናል፣ የሞተው ነጥቶ ይቀራል። የቢጫው ረድፍ ነጣ። የማነጻጸሪያው ረድፍ እንደወትሮው በትንሽ መጠን ጭልጥ ብሎ ነጣ፤ እሱ ከሆስፒታል የሚመጣ የታወቀ መድኃኒት ነው፣ ፕሌቱ ደህና መሆኑን ለማወቅ ብቻ ነው የምናስገባው። ማንም አያየውም።

አለቃችን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ጉባኤ ላይ የማቀርበው እኔ ነኝ። ርዕሱን ራሳቸው አውጥተውታል፤ «ካንሰር ገዳዩ ሥር»። ገዳይ የሚለው ትንሽ አልበዛም ወይ ብላቸው፣ ካልበዛ ማን ይመጣል አሉኝ።

እታለም ደወለች። የሥሩን ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቻይናዎቹ እንዴት እንደሚጠጡትም ጠየቀችኝ። ያፈሉታል አልኳት። የስልክ ወሬ ነው። ስም መንገር ምን ይጎዳል።

ሰኞ 11

የኬሞ ቀን። ባሏ፣ ጋሼ፣ ከባድ መኪና ነጂ ስለሆኑ አሁንም መንገድ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ የማደርሳት እኔ ነኝ። ባለፉት ሁለት ዙሮች አብሬያት ገብቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት አይነሳ፤ የበላችውን ሁሉ ትመልሳለች፣ ሆዷ አያቆምላትም፣ ትራሱ ላይ የሚቀረውን ፀጉሯን እኔ እንዳላይ ቶሎ ቶሎ ትሰበስባለች። የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ አቅቷት የሰው ቀሚስ ተዘርግቶ ሰነበተ።

ዛሬ የሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ውረጂ ሳልላት ወረደች። አንቺ ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ፣ ሴሎችሽ ይራባሉ አለችኝ። ትቀልዳለች፣ እውነቷን ግን ነው፤ ሴሎች በየሁለት ቀኑ ምግባቸው ካልተቀየረ ይበላሻሉ። ጎረቤቷ መጥታ ትወስዳታለች አለች። በሩ ላይ ቆሜ እስክትገባ አየኋት። ጀርባዋ ቀጥ ብሏል። እሰይ፣ በረታች አልኩ።

ረቡዕ 13

ማን ያምናል። ኬሞ በወሰደች በሁለተኛው ቀን ቁጭ ብላ ትሰፋለች። ጠዋት ሄጄ ሳያት የሠርግ ልብስ ዘርግታ በአፏ መርፌ ይዛ አገኘኋት። አዲስ የማቅለሽለሽ መከላከያ ሰጥተውኛል አለች። እነዚህ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይሄን ደብቀው ነው ያሠቃዩዋት ማለት ነው።

ጠረጴዛዋ ላይ ፔርሙዝ አለ። ከፍቼ አሸተትኩት፤ እንጨት እንጨት፣ መራራ መራራ ይሸታል። ለሆድ ነው አለችኝ። ሆዷ መቼም ጠላቷ ነው፤ ካስማማት ምን አለ።

ሐሙስ 21

ሙከራውን በሌላ ፕሌት ደገምኩት፣ ያው ነው። ሞቱ። ዛሬ ኮሪደር ላይ ስጮህ ሰው ከቢሮው አንገቱን እንኳን አላወጣም፤ ለምደውታል።

አለቃችን ለጉባኤው ማስታወቂያ ፎቶ ላንሳሽ ብለው ሥሩን አስይዘውኝ አቁመውኛል። ፎቶውን ሳየው ቅመም የምሸጥ ነው የምመስለው። ለእታለም ላክሁላት። ሙሽራ መስለሻል ብላ መለሰች፣ ከዚያም ከኋላሽ ያለው ማሰሮ ስንት ሥር ይይዛል ብላ ጠየቀች። ማሰሮ አይደለም እታለም፣ ማሽን ነው አልኳት።

ተጠራጣሪው አሁንም ጤነኛ ሴል ይላል። አዝዣለሁ አልኩት፣ በመንገድ ላይ ነው። ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣ፦ «ሰው አፍልቶ ቢጠጣው ደሙ ውስጥ ምን ያህሉ ይገባል?» ሳህኑ ውስጥ የጨመርኩትን ያህል ደም ውስጥ ለማግኘት አንድ ሰው በርሜል ሙሉ መጠጣት ሳይኖርበት አይቀርም፤ አንጀት ይሄን ነገር አያሳልፍም። ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን አንድ ሰው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ ሲቸልስብህ ያናድዳል።

ሰኞ 25

የኬሞ ቀን። በር ድረስ ነው ዛሬም። ልግባ ብዬ ነበር፣ እሷ ናት እምቢ ያለችው። አለቃችን የጉባኤውን ሥዕሎች ዛሬውኑ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ብዙም አልተከራከርኩም።

እሑድ 1

እታለም ጋ ዋልኩ። በላች። ሁለቴ ጨምራ በላች። ክብደቷ ጨምሯል፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ ግንባሯ ጫፍ ላይ አዲስ ፀጉር ብቅ ብቅ ብሏል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ፀጉር ያበቅላል እንዴ? ሰው ከሰው ይለያያል ይላሉ።

እየሳቀች ስታወራ ጣቶቿን አየኋቸው። ጥፍሮቿ ዳር ዳሩን ቢጫ ናቸው። የጨርቅ ቀለም ይሆናል፤ ስንት ዓይነት ጨርቅ ነው በእጇ የሚያልፈው።

ቤት ስገባ ሳላስበው በጭንቅላቴ መዝገብ ይዤ ነበር፤ የምግብ ፍላጎት ጨመረ፣ ማስመለስ የለም፣ ጉልበት ጥሩ። የሰውን ልጅ እንደ ፕሌት። ቱ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ማክሰኞ 3

ጤነኞቹ ሴሎች መጥተው ነበር፤ ከጤነኛ አንጀት የተወሰዱ ናቸው። ቢጫውን በዚያው መጠን ሰጥቻቸው ነበር።

ዛሬ ጠዋት አየኋቸው። ተንሳፍፈዋል።

ቁጭ አልኩ። ተጠራጣሪው መጣ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ምንም ሳይል ቀና አለ። ደስ ያለውም አይመስልም፣ አላልኩሽም ወይ አላለም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ካንሰሩን በሚገድልበት መጠን ጤነኛውንም ይገድላል፤ መጠኑን ሲቀንሱት ደግሞ ካንሰሩም ይተርፋል። እሳትም እኮ ካንሰር ይገድላል።

ረቡዕ 4

አለቃችን «ይሄ ከዋናው ውጤት ጋር አይሄድም፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ» አሉ። መቅረት የለበትም አልኳቸው። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን አንዴ ተናግሬ ወጣሁ። ርዕሱ ብቻ ትንሽ ተለሳልሷል፤ አሁን «ካንሰርን ሊገታ የሚችል ሥር» ሆኗል። አለቃችን ሲያነቡት የኮመጠጠ ነገር የቀመሱ ይመስላሉ።

ለእታለም አልነገርኳትም። ምን ብዬ? የቤተ ሙከራ ጣጣ ነው፤ እሷን ምን አገባት። ስለ ሥሩም ካነሳች ሰንብታለች።

ሰኞ 9

የኬሞ ቀን። ዛሬ አብሬያት እገባለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር የወጣሁት። በር ላይ ስንደርስ ፊቷን ጥላ ሕፃን አደረግሽኝ እንዴ አለችኝ። ተውኩት።

ዕቃ የያዘ ፌስታል ነበራት። ምሳዬ ነው አለች። ኬሞ ቀን ምሳ ስትበላ አይቻት አላውቅም።

ቅዳሜ 14

ጋሼ ከመንገድ ተመልሰዋል። እታለምን ሲያዩዋት ቤቱን የተሳሳቱ መስሏቸው ወደ ውጭ ሊወጡ ነበር፤ እንደዚያ አምሮባታል። እሳቸው ሲሄዱ አልጋ ላይ ነበረች። «እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ነሽ ያተረፍሽልኝ» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ምን እንዳደረግኩ አልጠየቅኳቸውም።

ከምሳ በኋላ ዕቃ ላጥብ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ትንሿ ድስት ውስጧ ቢጫ ነው። ፈተግኩት፤ ስፖንጁ ቢጫ ሆነ። ሳሙና ጨመርኩ፣ አልለቀቀም። ድስቷን ደፍቼ እጄን ታጥቤ ወጣሁ። እታለም ሳሎን ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

ዛሬ ደክሞኛል። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ማክሰኞ 17

ምግባቸውን ቀየርኩ። ሥዕል ሠራሁ። አለቃችን፣ ስብሰባ። ምንም።

ልጠይቃት አስቤ ስልኩን ደጋግሜ አንስቻለሁ። ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? ደህና ናት እኮ። በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ደህና ናት። አንዳንዴ ሳህን ላይ የማይታይ ነገር ሰው ላይ ይታያል። ከጥንት የጠጡት ሰዎች ሁሉ ሞኞች አይደሉም።

ሐሙስ 19

ጠዋት ሥራ ላይ ሳለሁ ዶክተሯ ደወለች፤ እታለምን የምታክመው ናት። ድምጿ ረጋ ያለ ነው። «እህትዎ ከጉዞ ተመለሱ?» አለችኝ።

የትኛው ጉዞ? አልኳት።

ቀስ ብላ ነገረችኝ። እታለም ሦስት ዙር አልመጣችም። የባሏን እናት ላስታምም ወደ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ፣ ስመለስ እቀጥላለሁ ብላ አስመዝግባ ነው የጠፋችው። የባሏ እናት ከሞቱ ብዙ ዓመታቸው ነው። ዶክተሯ በቶሎ ይምጡ፣ ቶሎ ብዬ ስልዎ ነገ ማለቴ ነው አለችኝ።

ፈሳሽ የምቀዳበትን ፒፔት እንኳን ሳላስቀምጥ ኮሪደር ወጥቼ ቆሜ ነበር። ተጠራጣሪው ከእጄ ላይ ወስዶ ቦርሳዬን አመጣልኝ።

ያው ሐሙስ፣ ከቤቷ መልስ

እንደሆነው ልጻፈው።

ስገባ ትሰፋ ነበር። ጋሼ ጋራዥ ናቸው። የት ነው የከረምሽው ሰኞ ሰኞ? አልኳት። ፔዳሉን መርገጧን አላቆመችም። «የትም» አለችኝ። ዶክተሯ ደውላልኛለች ስላት ነው መኪናው የቆመው።

አልካደችም። መጀመሪያ ያደረስኳት ሰኞ ግቢው ውስጥ ገብታ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ከኬሞ ክፍል የሚወጡትን አየቻቸው፤ አንዱ አንዱን ተደግፎ፣ አፋቸውን በጨርቅ ይዘው። እኔ ከዓይኗ እስክጠፋ ጠብቃ ተነስታ ወጣች። የሥሩን ስም ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ይዛ ከገበያው ጀርባ ያለ የደረቅ መድኃኒት ሱቅ ሄደች። ባለ ሱቁ አውቆታል። በየቀኑ አፍልታ ጠጣች። ማስመለሱ ቆመ፣ ሆዷም ቆመ። የቆመው ኬሞውን ስለተወች ነበር፣ እሷ ግን ሥሩ ነው ብላ ደመደመች።

ሳህን ላይ እኮ ነው እታለም፣ ሰው ላይ አይደለም፣ ሳህን ላይ ነው የሞቱት አልኳት።

«ሳህን ላይ አላልሽኝም» አለች። «ያንቺ ዓይነት ነው፣ ድራሹ ጠፋ ነው ያልሽኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎሽ ሰምቼሽ አላውቅም።»

እንዴት አንድ ቃል ሳትነግሪኝ አልኳት፤ ንዴቴን የማደርግበት ስላጣሁ እሷ ላይ አደረግኩት። ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችኝ።

«ድስቱን ያጠብሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ጥፍሬን አይተሻል። ፔርሙዙን አሽትተሻል። ሥሩን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። እያወቀች ዝም ካለች ይሠራል ማለት ነው፣ ባይሠራ ኖሮ ትጮህብኝ ነበር ብዬ ነው የጠጣሁት።»

አላየሁም አልኳት። ልጅ ሆኜ ስዋሽ እንደምታየኝ አየችኝ። አላየሁም ያልኩት እውነት እንዲሆን ፈልጌ ነው። አሁን ግን እንዴት ብዬ ላስተባብል፤ ያን ቀለም ከሺህ ቀለም መሐል ለይቼ የማውቀው እኔ ነኝ። እንዲሠራ ፈልጌ ነበር። ሳልጠይቃት ከቆየሁ አንድ ቀን ራሷ መጥታ ዳንኩ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ደብተር፣ ይኸው ጻፍኩት።

ጤነኛውንም እንደሚገድል ነገርኳት። መቼ ነው ያወቅሽው አለችኝ። ወሩ እንደገባ አልኳት። አልተቆጣችም፤ ጨርቁን አጣጠፈችው፣ ከዚያ ዘረጋችው፣ ከዚያ መልሳ አጣጠፈችው። «እሺ፣ ያ ኬሞ የሚሉትስ አንድ ሴል ገድሎ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ልታሾፍብኝ ነበር፣ ገብቶኛል።

በእያንዳንዱ ፕሌቴ ላይ አንድ ረድፍ የሱ ነው አልኳት። አንቺ የምትወስጂው ራሱ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይገድላል፣ ከቢጫው በጣም ባነሰ መጠን። እሱም ቢሆን ጤነኛውን ይነካል፣ የሚያስመልስሽ ለዚያ ነው፤ ግን ስንት ሰው ስንት ዓመት ደክሞ ምን ያህል ሲሰጥ ካንሰሩ እንደሚጎዳና ሰውየው እንደሚተርፍ አውቆለታል። ደግሞ መነሻው ቻይና የሚበቅል ዛፍ ነው። መጀመሪያ ሰው ላይ ሲሞክሩት በጣም ጎድቶ ትተውት ነበር፤ ቆይተው ነው አስተካክለው ያመጡት።

እጇ ጨርቁ ላይ ቀረ። «ይሄን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

የታወቀ ነገር ስለሆነ ነው አልኳት። የታወቀ ነገር ዜና አይሆንም፤ ያንን ረድፍ ማንም አያየውም።

«ለማን ነው የታወቀው?» አለች።

ዓርብ 20

ሆስፒታል። ለምርመራ ደም ሰጠች። ስካን ማክሰኞ ነው። ጋሼ ሰምተዋል፤ ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ተቀመጡ።

ፔርሙዙን ራሷ ደፋችው። መታጠቢያው ቢጫ ሆነ።

ማክሰኞ 24

ስካኑ ተነሳ። ውጤት ሐሙስ።

ሥራ ገብቼ ነበር። ለአለቃችን ጉባኤው ላይ የጤነኛው ሴል ውጤት ካልገባ አላቀርብም አልኳቸው። ምን ነካሽ አሉኝ። እህቴ ጠጥታዋለች አልኳቸው፤ ገዳይ ሥር ሲባል የሰማች ሌላም እህት አትጠፋም። ለረጅም ጊዜ መነጽራቸውን ጠረጉ። ከዚያ በቃ፣ አስገቢው አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደስታ ነው ያሰከራቸው። እኔንም ያሰከረኝ እሱው ነው።

የማነጻጸሪያውንም ረድፍ በትልቁ አስገባሁት። የጉባኤው ቀን ግን ሰኞ 30 ነው፣ ለእታለም ኬሞ የተያዘላት አዲስ ቀን። ተጠራጣሪው ያቀርባል። ገዳይ ብሎ እንደማይናገር እርግጠኛ ነኝ፤ ደህና ዋላችሁ ማለትንም በማስረጃ ነው የሚለው።

ሐሙስ 26

አድጓል።

ዶክተሯ ምስሉን አሳየችን። ድሮ የነበረውን በጣቷ ከበበችው፣ ከዚያ የአሁኑን። እኔ ምስል ማንበብ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ዓይኔን ማሳረፊያ አጣሁ። እታለም ግን ጎንበስ ብላ፣ የልብስ ልክ እንደምትወስድ ሰው፣ በደንብ አየችው።

ቀዶ ሐኪሙ አሁን አይነካውም። በሩ ግን አልተዘጋም አለች ዶክተሯ፤ ጠቧል። ኬሞው እንደገና ይጀመራል፣ ከተወሰኑ ዙሮች በኋላ እንደገና ይታያል፣ ካነሰ ወደ ቀዶ ሕክምናው እንመለሳለን፣ ቃል ግን አልገባላችሁም። የደም ምርመራዋ ላይ ጉበቷ ትንሽ ተቆጥቷል፤ ሥሩ ይሁን ሌላ አይታወቅም፣ ብቻ ከእንግዲህ አንዲት ጉንጭ እንዳይደገም ተባለ። አልተቆጣቻትም። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፣ የሚነግሩን ናቸው ጥቂቶቹ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ የት ነው የሚሠሩት? ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ያ መነቅነቋ ከስድብ በላይ ነበር።

መንገድ ላይ እታለም እጄን ይዛ ሄደች። ይቅር በይኝ አልኳት። «ለሱ ጊዜ አለን» አለች። አለን ስትል ፊቴን ወደ ሱቆቹ አዙሬ መስታወት የማይ መሰልኩ።

ቅዳሜ 28

ቤቷ ሄጄ የጀመረችውን ቀሚስ አብሬያት ጠረዝኩ። የእኔን ስፌት አይታ ሳቀች፤ ማይክሮስኮፕ ይሻልሻል ብላ ፈትታ ራሷ ሰፋችው። ከሰኞ በኋላ እንደማትችል ታውቃለች፤ ለዚያ ነው የምትጣደፈው። ስለ ሰኞ አላወራንም። ትሄዳለች አትሄድም፣ ደፍሬ አልጠየቅኳትም። ከዚያ ተመለስኩና ደፈርኩ። «አላውቅም» አለችኝ፣ «ያን ጊዜ ስደርስ አየዋለሁ።»

ሰኞ 30

ጋሼ አደረሱን። ተጠራጣሪው ጠዋት መልእክት ልኮ ነበር፤ አዳራሹ ሞልቷል ይላል። ስልኬን አጠፋሁት።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። የዚያን ቀን ከአግዳሚው ላይ ያየቻቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው ሁሉም። እታለም በሩ ላይ ቆመች። ቀስ ብላ ገባችና መስኮት ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነርሷ ደም ሥር ፍለጋ ክንዷን ታሻሽ ጀመር። ከረጢቱ ተሰቅሏል፤ ውስጡ ያለው ውኃ ነው የሚመስለው፣ ምንም ቀለም የለውም።

ነርሷ መርፌውን ስትከፍት እታለም ክንዷን ሳበችው። ነርሷ ጠበቀች። እታለም ወደ እኔ ዞረች።

«እንደዚያን ቀን ስልክ እንዳታደርጊው» አለችኝ። «ይሄ ይሠራል?»

አዎ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማንም እህት አዎ ነው የምትለው። ነርሷም በዓይኗ በይ እንጂ፣ በያት ትለኛለች።

«አላውቅም» አልኳት። «ብዙ ሰው ላይ ሠርቷል። አንቺ ላይ ይሥራ አይሥራ አላውቅም። ረፍዶም ሊሆን ይችላል።»

ነርሷ አፍራብኝ አንገቷን ደፋች። እታለም ፊቴን እያገላበጠች አየችኝ፣ የጎደለ ነገር እንዳለ የምትፈልግ ይመስል። ከዚያ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋች።

«ውጊኝ ልጄ» አለቻት ነርሷን።